ፖስተሩ ለማን ይናገራል? በዱር እንስሳት ጥበቃ ሥዕሎች ላይ ለሰፈነው አስተያየት የተሰጠ ምላሽ

ስለ ዱር እንስሳት ጥበቃ ቅስቀሳ በተነሣ ቁጥር አንድ አስተያየት ተከራካሪ ሳይገጥመው ያልፋል። ሥዕል አስተርጓሚ አያሻውም፤ ለተማረውም ፊደል ላልቆጠረውም እኩል ይናገራል የሚል ነው። ከዚህ ተነሥቶም ለፖስተር ሠሪው ሁለት መንገድ ያመለክታል፤ የሚጠፋውን እንስሳ በውበቱ ማሳየት፣ አለዚያም በሥቃዩ ማሳየት። ውበቱ ያስወድዳል፣ ሥቃዩ ያስቆጣል፣ ከፍቅርና ከቁጣ ደግሞ ጥበቃ ይወለዳል ተብሎ ይታሰባል። በየፓርኩ መግቢያ፣ በየመሥሪያ ቤቱ መተላለፊያና በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ የሚለጠፉት ፖስተሮች አብዛኞቹ የዚህ እምነት ውጤቶች ናቸው።

ይህ ጽሑፍ ለዚያ አስተያየት የሚሰጥ ምላሽ ነው። ሥዕል ኃይል የለውም ማለቴ አይደለም። የምከራከረው የፖስተር ትርጉም ከእንስሳው መልክ ብቻ አይመነጭም በሚል ነው። ትርጉሙ የሚሠራው ፖስተሩ በእንስሳው፣ በተመልካቹና ከተመልካቹ በሚጠበቀው ድርጊት መካከል በሚዘረጋው ዝምድና ነው። ይህ ዝምድና ከጎደለ ውበቱም ሥቃዩም ወዳልታሰበ ትርጉም ይሄዳሉ፤ አንዳንዴም ጥበቃውን ይጎዳሉ።

ምልክትና ፖስተር

የሰፈነው አስተያየት ጠንካራ ማስረጃው ፓንዳው ነው። በ1961 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የዓለም የዱር እንስሳት ፈንድ ሲመሠረት፣ ከመሥራቾቹ አንዱ የነበረው ሠዓሊና የአእዋፍ አጥኚ ፒተር ስኮት የድርጅቱን ምልክት አበጀ። መነሻው በዚያን ጊዜ ለንደን በሚገኘው መካነ እንስሳት ትታይ የነበረችው ቺቺ የተባለች ፓንዳ ናት። ፓንዳ የተመረጠበት አንዱ ምክንያት የሕትመት ዋጋ ነበር፤ ጥቁርና ነጭ እንስሳ ባለ አንድ ቀለም ሕትመት ይበቃዋል። ዛሬ የድርጅቱን ስም የማያስታውስ ሰው እንኳ ምልክቱን ያውቀዋል።

ይህ ታላቅ ስኬት መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን ምልክቱ የሠራው ሥራ ምን እንደሆነ መለየት አለበት። ፓንዳው ድርጅቱን ያስታውቃል፤ ለጋሹ ገንዘቡን ለማን እንደሰጠ ያረጋግጥለታል። ቀርከሃ ደን ዳር ለሚያርስ ገበሬ ነገ ጠዋት ምን ቢያደርግ ወይም ምን ቢተው እንደሚሻል አይነግረውም፤ እንዲነግረውም አልተሠራም። ምልክት የሚታወስ ነገር ነው፤ ፖስተር ግን የሚጠይቀው ነገር አለው። የሰፈነው አስተያየት ይህን ልዩነት ዘልሎ የምልክቱን ስኬት ለፖስተሩ ዋስ አድርጎ ያቀርባል።

ሥዕል ሁሉ ለሁሉ ይነበባል?

ሥዕል የሁሉም ቋንቋ ነው የሚለው ሐሳብ በጥናት ተፈትኗል፤ ከፈተናዎቹ አንዱም በአገራችን የተካሄደ ነው። በ1960 ዊልያም ሃድሰን የተባለ ተመራማሪ በደቡብ አፍሪካ ያደረገውን ጥናት አሳተመ። ከሥዕሎቹ በአንዱ ጦር የያዘ አዳኝ፣ በቅርቡ አንድ የሜዳ እንስሳ፣ በሩቅ ደግሞ አንሶ የተሣለ ዝሆን ይታያሉ። አዳኙ ያነጣጠረው በየትኛው ላይ ነው ተብለው ሲጠየቁ፣ ትምህርት ቤት ካልገቡት ብዙዎቹ በዝሆኑ ላይ ነው አሉ። መስመሩን ብቻ ከተከተሉ ልክ ናቸው፤ በወረቀቱ ላይ ጦሩ የሚያመለክተው ወደ ዝሆኑ ነው። ሩቅ ያለ ነገር አንሶ ይሣላል የሚለው ደንብ ግን ሲማሩት የሚገባ ደንብ ነው። ቆይተው የመጡ ተቺዎች ጉድለቱን በተመልካቹ ላይ መጫኑን ተቃውመዋል፤ ሥዕሉ ራሱ ርቀትን የሚጠቁሙ ብዙ ምልክቶች ይጎድሉት ነበርና።

በ1972 ደግሞ ያን ዴሬጎቭስኪና ባልደረቦቹ በኢትዮጵያ ደቡብ ምዕራብ በሚኖሩ የሜኢኒት ሰዎች ዘንድ ያደረጉት ጥናት ታተመ። ከዚያ በፊት በወረቀት ላይ የታተመ ሥዕል ሲሰጣቸው ሰዎቹ ትኩረታቸው በሥዕሉ ላይ አላረፈም፤ ወረቀት ለእነርሱ እንግዳ ነገር ስለነበር ያሸቱትና ሲንኮሻኮሽ ይሰሙት ነበር። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ የእንስሳቱን ሥዕል በሚያውቁት ነገር፣ በጨርቅ ላይ አተሙት። ያን ጊዜ አብዛኞቹ እንስሳቱን ለዩ፤ ሆኖም በአንድ እይታ ሳይሆን ቀንዱን፣ እግሩን፣ ጅራቱን አንድ በአንድ እየለዩ ነው።

ከእነዚህ ጥናቶች ገጠሬ ሥዕል አያውቅም የሚል መደምደሚያ የሚያወጣ ሰው ይሳሳታል፤ የሜኢኒቱ ጥናት የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው። ሥዕሉ የቀረበበት ነገር ሲስተካከል ንባቡም ተስተካክሏል። ጥናቱ ከተደረገ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎ ወረቀትም ስልክም በየቦታው ደርሷል፤ የሚያስተምረው ነገር ግን አላረጀም። የፖስተሩ ወረቀት፣ መጠን፣ የርቀት አሣሣልና የተለጠፈበት ቦታ ሁሉ የትርጉሙ አካል ናቸው። ከዚህም በላይ እንስሳውን መለየትና የፖስተሩን መልእክት መረዳት አንድ አይደሉም። ከነብር ጋር ጎረቤት ሆኖ የኖረ ሰው ነብርን ለማወቅ ፖስተር አያስፈልገውም። የሚጠይቀው ‹ታዲያ ምን ይሁን?› ብሎ ነው።

ለዚህ ጥያቄ ሥዕል ብቻውን መልስ እንደማይሰጥ ፈረንሳዊው ሮላን ባርት በ1964 ስለ ማስታወቂያ ሥዕል በጻፈው ዝነኛ ጥናቱ አሳይቷል። ሥዕል በተፈጥሮው ብዙ ትርጉም ያረግዛል፤ ከሥሩ የሚጻፈው ቃል ከብዙዎቹ አንዱን መርጦ ያጸናል። በ2017 በዓለም ዙሪያ የተሠራጨው የከሳው የዋልታ ድብ ፊልም ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ናሽናል ጂኦግራፊክ ፊልሙን ያቀረበው የአየር ንብረት ለውጥ ይህን ይመስላል በሚል መግለጫ ነበር። በዓመቱ መጽሔቱ ራሱ መግለጫው ከልክ ያለፈ እንደነበር አመነ፤ ያ አንድ ድብ በምን ምክንያት እንደከሳ በእርግጠኝነት ሊታወቅ አይችልምና። የድቡ ምስል ያኔም ኋላም ያው ነው፤ የተለወጠው ከሥሩ የተጻፈው ነው።

የአገራችን ሠዓልያን ትውፊት ይህን ከጥንት ያውቀዋል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቁ ሙሉ ፊቱን አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ክፉው በጎን ተሥሎ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። የዐድዋን ጦርነት የሣሉትም ይህንኑ ተከትለው የኢትዮጵያን ሠራዊት በሙሉ ፊት፣ የጣልያንን በጎን ሥለዋል። ደንቡን ለሚያውቅ ወዳጅና ጠላት ገና ከሩቅ ይለያል። ሠዓሊው ግን በዚህ ብቻ አልተማመነም፤ ከቅዱሱ ራስ አጠገብ ስሙን ጽፏል። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በ44 ክፍል የሚሥሉትም ከእያንዳንዱ ትዕይንት ጋር ድርጊቱን በአማርኛ ያስቀምጣሉ። ሥዕሉ ብቻውን ይናገራል የሚለው እምነት ሥዕልን አክብሮ ከኖረው ከዚህ ትውፊት የመጣ አይደለም። የኒያላን ቀንድ ለማሳየት ብሎ እንስሳውን በጎን የሚያስቀምጥ የፖስተር ባለሙያ፣ በዚህ ትውፊት ያደገ ዓይን ያን አቀማመጥ እንዴት እንደሚያነበው ቀድሞ ሊጠይቅ ይገባው ነበር።

ውበት የሚሸፍነው

ሁለተኛው እምነት የተወደደ እንስሳ ይጠበቃል የሚለው ነው። በ2018 ፍራንክ ኩርሻምና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት ይህን ከሥሩ ይነቀንቀዋል። ሰዎች አብልጠው የሚወዷቸው እንደ አንበሳ፣ ዝሆን፣ ቀጭኔና ነብር ያሉ እንስሳት በዱር እያለቁ ነው፤ ሕዝቡ ግን የማለቃቸውን መጠን በቅጡ አያውቅም። ተመራማሪዎቹ ከሚያቀርቧቸው ምክንያቶች አንዱ የምስላቸው መብዛት ነው። አንድ ፈረንሳዊ በአንድ ወር ውስጥ በአርማ፣ በአሻንጉሊትና በማስታወቂያ የሚያያቸው አንበሶች በምዕራብ አፍሪካ ዱር ከቀሩት ይበልጣሉ። በየቦታው የሚታይ እንስሳ በየቦታው ያለ ይመስላል።

ይህ ለእኛ ሩቅ ነገር አይደለም። አንበሳ በሳንቲማችን፣ በአውቶብሳችን፣ በባንካችን ላይ አለ። ዋልያ የብሔራዊ ቡድናችንና የቢራ ስም ነው፤ እንስሳው ግን በዓለም ላይ በስሜን ተራሮች ብቻ የቀረ ነው። የደጋ አጋዘን ወይም ኒያላ በአሥር ሳንቲም ላይ ተቀርጿል፤ የኢንሹራንስና የመኪና ሻጭ ድርጅት ስምም ሆኗል። ከእነዚህ ምስሎች አጠገብ ሌላ ውብ የዋልያ ፎቶግራፍ መለጠፍ ምን ይጨምራል? እንስሳው ክብሩ እንደተጠበቀ የቆመ አርማ ነው የሚለውን ስሜት ያጠነክር ይሆናል እንጂ አደጋ ላይ መሆኑን አይናገርም።

ከእንስሳው ጋር ማን እንደቆመም ትርጉሙን ይለውጠዋል። ስቲቨን ሮስና ባልደረቦቹ በ2011 ባሳተሙት ጥናት አንዱን የቺምፓንዚ ፎቶግራፍ ለአንዳንዶች ብቻውን፣ ለሌሎች ሰው ከአጠገቡ አቁመው አሳዩ። ሰው የቆመበትን ያዩት፣ የዱር ቺምፓንዚዎች ቁጥር ደኅና ነው ብለው የማሰባቸው ዕድል በ35.5 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። ቺምፓንዚን በቤት ማሳደግም ይበልጥ አማራቸው። ፎቶግራፍ አንሺው ምንም አልዋሸም፤ በአንድ ሰው መጨመር ብቻ ‹ደኅና ነው፣ ለማዳ ነው› የሚል መልእክት ተወለደ።

የኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ፖስተር ደግሞ የራሱ የትውልድ ሐረግ አለው፤ አባቱ የቱሪዝም ፖስተር ነው። ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ‹የ13 ወር ጸጋ› በሚለው መፈክር የአገሪቱን መልክ ለውጭ ጎብኚ ሲያስተዋውቅ ግሩም ሥራ ሠርቷል፤ ዓላማው እንግዳ መጥራት ነበርና ውበትን ከፊት ማድረጉ ትክክል ነው። ችግሩ የመጣው ያው አቀማመጥ ሳይለወጥ ወደ ጥበቃ ፖስተር ሲዛወር ነው። ተራራው አለ፣ እንስሳው አለ፣ ሰማዩ አለ፤ ሰው የለም። እንግዳውን ‹ና› ይለዋል፤ ነዋሪውን ግን ምን ይለዋል? ከስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ክልል የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2016 ተነሥተው ወደ ደባርቅ ሄደዋል። የመነሣታቸው አግባብነት ሌላ ክርክር ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ ባለበት አካባቢ ሰው አልባ የተራራ ሥዕል ግን ገለልተኛ ውበት ሆኖ አይነበብም፤ ‹እናንተ በሌላችሁበት ያምራል› ተብሎ ሊነበብ ይችላል። ለጥበቃው ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ሰው ያ ነዋሪ ነው።

ደም የሚናገረው

ሦስተኛው እምነት የተገደለ እንስሳ ያስቆጣል የሚለው ነው። ቁጣ ግን ሞትን እንደ በደል ከሚያይ ዓይን ይነሣል። በአገራችን ታሪክ አንበሳና ዝሆን የገደለ የሚሞገስበት፣ የሚፎክርበትና የሚሸለምበት ሥርዓት ነበር። የአንበሳ ጎፈር በራሱ ላይ የደፋ፣ የነብር ለምድ የደረበ ሰው የጀግና መልክ ነበር፤ የጥንት ፎቶግራፎችና የግድግዳ ሥዕሎች ይህንኑ አኑረውታል። በዚህ የሥዕል ትዝታ ውስጥ የወደቀ ዝሆንና ከአጠገቡ የቆመ ጠመንጃ ያዥ የሚያሳይ ፖስተር ሁለት ንባብ አለው። ለአንዱ ተመልካች ወንጀል ነው፤ ለሌላው የግዳይ ፎቶግራፍ። ከላይ በቀይ የተጻፈ ‹አትግደሉ› የሚል ቃል ሁለተኛውን ንባብ ሙሉ በሙሉ አይፍቀውም፤ ገዳዩ በመሃል ቆሟልና።

ያለ ደም የተሠራ የተሻለ ምሳሌ ከቻይና አለ። ዓለም አቀፉ የእንስሳት ደኅንነት ፈንድ በ2007 ባስጠናው ጥናት፣ ከተጠየቁት ቻይናውያን 70 በመቶው የዝሆን ጥርስ ዝሆኑ ሳይገደል እንደማይገኝ አያውቁም ነበር። ድርጅቱ ያዘጋጀው ፖስተር ሬሳ አላሳየም። እናትና ግልገል ዝሆን ሲሄዱ ያሳያል፤ ግልገሉ ጥርስ ማብቀሉን ለእናቱ ያበሥራል፤ እናቲቱ ግን አልተደሰተችም። ሥዕሉ ሰላማዊ ነው፤ አደጋውን ያመጣው ቃሉ ነው። ፖስተሩን ጥሩ የሚያደርገው ከተመልካቹ የጎደለውን አንድ ዕውቀት ለይቶ ያንኑ መሙላቱ ነው። ‹ዝሆን ውብ ነው› ቢል ማንም አይቃወመውም፤ ማንም ግን አዲስ ነገር አይሰማም ነበር።

የሻርክ ክንፍ ዘመቻውም እንዲሁ ነው። የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ያኦ ሚንግ በ2006 የሻርክ ክንፍ ሾርባ እንደማይበላ በአደባባይ ቃል ገባ፤ ዋይልድኤይድ የተባለው ድርጅትም በእርሱ ፊት ዘመቻውን ገነባ። መፈክሩ መግዛት ሲቆም መግደልም ይቆማል የሚል ሐሳብ አለው። የተመረጠው ሰው ተመልካቹ የሚያከብረው ነው፤ የተጠየቀው ድርጊት ደግሞ በዚያው ቀን በገበታ ላይ ሊፈጸም የሚችል ነው። በ2012 የቻይና መንግሥት ሾርባውን ከይፋዊ ግብዣዎች እንደሚያስወጣ አስታወቀ። ይህን ውሳኔ ዘመቻው ብቻውን አመጣው ማለት አይቻልም፤ ለውይይቱ በር ከከፈቱት አንዱ እንደነበር ግን ግልጽ ነው።

ቀይ ቀበሮን ለመጠበቅ ማንን እንሣል?

ክርክሬን በአንድ የአገር ጉዳይ ልፈትነው። ቀይ ቀበሮ በዓለም ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር አይገኝም፤ ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 አይበልጡም። መኖሪያውን እርሻና ግጦሽ እያጠበበበት ነው፤ በድንገት የሚጨርሰው ግን ከውሾች የሚተላለፍ በሽታ፣ በተለይ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያና እንደገና በ2003 በባሌ የተነሣው ወረርሽኝ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት አብዛኞቹን ገደለ። በ1995 የተጀመረው የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ከዋና ሥራዎቹ አንዱ የአርብቶ አደሩን ውሾች መከተብ የሆነው ለዚህ ነው።

የሰፈነውን አስተያየት የሚከተል ሠሪ ቀይ ቀበሮውን በሣር ሜዳ ላይ አቁሞ በፀሐይ መግቢያ ብርሃን ያሳያል። ለባሌ እረኛ ይህ ዕለት ዕለት የሚያየው እንስሳ ነው፤ ሥጋቱም የሚመጣው ከእረኛው ክፋት አይደለም። ጉዳዩን የተረዳ ሠሪ መሃል ላይ ውሻ ይሥላል፤ ባለቤቱ አጥብቆ የያዘው፣ ከታቢው መርፌ የሚወጋው ውሻ። ሦስት ተከታታይ ትዕይንት ይበቃዋል። በአንደኛው ያልተከተበ ውሻ ከቀበሮ ጋር ይነካከሳል፤ በሁለተኛው ያው ውሻ ቤት ተመልሶ ልጅና ጥጃ አጠገብ ይቆማል፤ በሦስተኛው ውሻው ይከተባል። ከሥሩ የክትባቱ ቦታና ቀን በጉልህ ይጻፋል፤ ያውም በአካባቢው ቋንቋ፣ በአፋን ኦሮሞ። የሚጠየቀው ድርጊት ልጁንም፣ ከብቱንም፣ ቀበሮውንም የሚጠብቅ ነው። ቀበሮው በማዕዘን ቢታይ ምንም አይጎድልበትም።

‹እንግዲያው የአገሩን የሥዕል ደንብ መቅዳት ነው› የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ይህም ቢሆን በችኮላ አይሠራም። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ አንበሶችና ነብሮች በግራ ቀኝ ከበዋቸው የሚታዩበት ሥዕል በብዙ ቤት ተሰቅሏል፤ ሰውና አውሬ በአንድ ክፈፍ በሰላም የሚኖሩበትን ሐሳብ ከማንኛውም ፖስተር በፊት አቅርቧል። ግን ሥዕሉ የጸሎት ሥዕል ነው፤ ሰላሙም የቅድስና ፍሬ እንጂ ለማንም የተሰጠ ፈቃድ አይደለም። ብዙው ነዋሪ ሙስሊም በሆነበት በባሌ ደግሞ ይህ ሥዕል ለአብዛኛው ተመልካች የቤቱ አይደለም። ከትውፊቱ የሚወሰደው አሠራሩ ነው፤ ነገርን በተከታታይ ትዕይንት መክፈል፣ ማን ማን እንደሆነ በአቀማመጥ መለየት፣ ቃልን ከሥዕል አለመነጠል።

ጠንካራው ተቃውሞ ሌላ ነው። ፖስተር ግንዛቤ ለመፍጠር ብቻ የሚበቃ ትንሽ መሣሪያ ነው፤ ጥበቃ የሚሠራው በሕግ፣ በስካውትና በኑሮ አማራጭ ነው የሚል። ከፊሉን እቀበላለሁ። የመንዝ ጓሳ ሜዳ ለዘመናት የተጠበቀው በማኅበረሰቡ የቀሮ ሥርዓት ነው፤ ሣሩ መቼ እንደሚታጨድ፣ ከብት መቼ እንደሚገባ የሚወሰነው በጋራ ነበር፤ አንድም ፖስተር አልነበረውም። ይህ ግን የእኔን ክርክር ይደግፋል። ጓሳን የጠበቀው ሰው ሁሉ ምን ማድረግ እንዳለበት ማወቁ ነው፤ ፖስተርም ሊያስተላልፍ የሚገባው ይህንኑ ዕውቀት ነው። ‹ግንዛቤ› ብቻ የሚል ግብ መልካምና መጥፎ ፖስተርን መለያ አይሰጠንም፤ ሁሉም ፖስተር ታይቷልና ሁሉም ተሳክቷል እንድንል ያደርገናል።

ስለዚህ ለዱር እንስሳት ጥበቃ መሥሪያ ቤቶች፣ ለሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶችና ገንዘቡን ለሚሰጡ ድርጅቶች አንድ ጥያቄ አለኝ። ፖስተር ከመታተሙ በፊት ሦስት ነገር ይጻፍ፦ ተመልካቹ ማን ነው? አሁን የማያውቀው ወይም የማያደርገው ነገር ምንድን ነው? ፖስተሩን ካየ በኋላ የት ሄዶ ምን ያደርጋል? ከዚያ ረቂቁ ፓርኩ አጠገብ ላሉ ሰዎች ይታይ፤ ‹ወደዳችሁት?› ተብለው ሳይሆን ‹ምን አድርጉ ይላችኋል?› ተብለው ይጠየቁ። መልሳቸው ‹ቆንጆ ቀበሮ ነው› ከሆነ፣ ያ ፖስተር ለጎብኚ ይሆናል፤ ለጥበቃ ግን አልተሠራም።